ካሎሪ መቁጠር የክብደት መቀነስን ምሥጢር ሙሉ በሙሉ ያስረዳል?

ክብደት መቀነስ የሚሻ ሰው በቅድሚያ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ከምታቃጥለው ያነሰ ብላ» የሚል ነው። ምክሩ እንደ ቀላል ሒሳብ ይቀርባል። በምግብ የሚገባው ኃይል ሰውነት ከሚያወጣው ካነሰ ክብደት ይቀንሳል፤ ከበለጠ ይጨምራል። ይህን ስሌት የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች፣ እርምጃ የሚቆጥሩ የእጅ ሰዓቶችና በምግብ ማሸጊያዎች ላይ የሚታተሙ ቁጥሮች ዓለምን አዳርሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እአአ በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከልክ ካለፈ ውፍረት ጋር ይኖር ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም የምግብ እጥረትና ከልክ ያለፈ ውፍረት በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይታያሉ። ሒሳቡ ያን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ክብደታቸውን በብዙ ጥረት የቀነሱ ሰዎች ብዙዎቹ መልሰው የሚጨምሩት ለምንድን ነው?

ጥያቄው ከሳይንስ ቤተ ሙከራ ያለፈ ፋይዳ አለው። «ነገሩ ሒሳብ ነው» የሚለው መልስ፣ ያልተሳካለትን ሰው ሰነፍ ወይም ሆዳም ያሰኘዋል። በአንጻሩ «ካሎሪ ትርጉም የለውም» የሚሉ ወገኖች ያልተረጋገጡ የአመጋገብ ስልቶችን ለተስፈኛው ይሸጣሉ። የምርምር ውጤቶች ግን ሁለቱንም አይደግፉም። የኃይል ሚዛን ሕግ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ የሚነግረን ምን እንደተከሰተ እንጂ ለምን እንደተከሰተ አይደለም።

ካሎሪ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

ካሎሪ የኃይል መለኪያ ነው። በምግብ ማሸጊያ ላይ «ካሎሪ» ተብሎ የሚጠራው በሳይንሳዊ ስሙ ኪሎ ካሎሪ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ማለት ነው።

ይህን መለኪያ ከምግብ ጋር በማቆራኘት ረገድ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልበር አትዋተር ናቸው። አትዋተር በ1890ዎቹ በኮነቲከት ግዛት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ሮዛ ጋር በመሆን ሰው ለቀናት የሚኖርበት ዝግ ክፍል ሠሩ። በክፍሉ ውስጥ የገባው ሰው ሲበላ፣ ሲተኛና ሲሠራ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀትና ትንፋሽ ይለካ ነበር።

ከእነዚህና ከሌሎች ጥናቶቻቸው ዛሬም የሚሠራባቸው አማካይ ቁጥሮች ተገኙ። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ስብ ደግሞ 9 ካሎሪ ይይዛል። አልኮል በግራም 7 ገደማ ነው። በ1918 የሎስ አንጀለሷ ሐኪም ሉሉ ሀንት ፒተርስ ባሳተሙት መጽሐፍ አሜሪካውያን ምግባቸውን በካሎሪ እንዲያስቡ አስተማሩ። መጽሐፉ በቀጣዮቹ ዓመታት በብዛት ከተሸጡት አንዱ ሆነ፤ ካሎሪ መቁጠርም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ቤተሰብ ማዕድ ገባ።

ሕጉ አልተሻረም

ኃይል ከምንም አይፈጠርም፤ ወደ ምንምም አይጠፋም። የሰው ልጅ ሰውነትም ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ ውጭ አይደለም። ሰውነት ከሚያስፈልገው ያነሰ ኃይል በተከታታይ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ስብና ጡንቻ ማቃጠሉ አይቀርም።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ሙከራ ነው። አንሴል ኪስ የመሩት ይህ ጥናት በ36 ፈቃደኛ ወጣት ወንዶች ላይ የተሠራ ነበር። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየተመገቡ በእግር እንዲጓዙና እንዲሠሩ ተደረገ። በአማካይ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ከሕጉ ያመለጠ አልነበረም።

የአመጋገብ ስልቶችን የሚያነጻጽሩ የቅርብ ጊዜ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በ2018 ይፋ በሆነውና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጥናት 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። አንደኛው ቡድን ስብ፣ ሌላው ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ ተመከረ። በዓመቱ መጨረሻ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰዋል። ልዩነቱ ከአጋጣሚ ያለፈ ሆኖ አልተገኘም። በየቡድኑ ውስጥ በነበሩት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነበር፤ አንዳንዱ በርካታ ኪሎ ሲቀንስ ሌላው ጨምሯል።

የምግብ ሰዓትን መገደብም ተፈትሿል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ139 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት የተካሄደው ጥናት ውጤት በ2022 ታትሟል። ሁሉም ተሳታፊዎች ካሎሪ ሲቀንሱ፣ ከፊሎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲመገቡ ተደረገ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጾም በሰፊው በሚዘወተርበት በአፍሪካ ቀንድ ይህ ግኝት ትኩረት የሚስብ ነው። ምግብ የሚበላበት ሰዓት ማጠሩ በራሱ ክብደት እንደሚቀንስ ዋስትና አይሆንም፤ በጾም መፍቻው ገበታ ላይ የሚቀርበውም ይቆጠራል።

የሚገባውን በትክክል መቁጠር ይቻላል?

ሕጉ ትክክል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በኩሽና ውስጥ መለካት መቻሉ ሌላ። የመጀመሪያው ችግር ቁጥሮቹ ራሳቸው ግምት መሆናቸው ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት አንድ ምግብ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ካሎሪ እስከ 20 በመቶ በልጦ ቢገኝ እንኳ እንደ ጥፋት አይቆጠርም።

ሁለተኛው፣ አፍ ውስጥ የገባው ሁሉ ወደ ደም አለመግባቱ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት፣ አንድ እፍኝ ወይም 28 ግራም ያህል ሙሉ አልሞንድ በአትዋተር ስሌት 170 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ሰውነት የሚያገኘው ግን 129 ያህሉን ብቻ እንደሆነ አረጋግጠዋል። የፍሬው ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ ከፊል ስቡን አፍኖ ይዞ ከሰውነት ይወጣል። ያው ፍሬ ሲፈጭ ግን ስቡ በቀላሉ ይገኛል። መፍጨት፣ ማብሰልና ማላም የምግብን ትርፍ ይቀይራሉ።

ሦስተኛው፣ ምግብን መፍጨትና ማዋሐድ በራሱ ኃይል የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ከፕሮቲን የሚገኘው ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶው በዚሁ ሂደት ሲቃጠል፣ ከካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ከስብ ደግሞ ከ3 በመቶ የማይበልጥ ነው። ስለዚህ 100 የምስር ካሎሪና 100 የዘይት ካሎሪ በወረቀት ላይ እኩል ቢሆኑም ለሰውነት የሚተርፉት እኩል አይደለም።

አራተኛው የሰው ትዝታ ነው። በ1992 በኒውዮርክ የተካሄደ ጥናት «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደት አልቀነስንም» ያሉ ሰዎችን መርምሯል። የሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም ጤናማ ነበር። ነገር ግን የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋንነው ይገምቱ ነበር። ይህ የግድ ውሸት አይደለም፤ የሰው ልጅ የሚበላውን በዓይኑ የመለካት ችሎታው ደካማ ነው።

በአፍሪካ ቀንድ ይህ ችግር ይብስ ይሆናል እንጂ አይቀልም። ቤተሰብ በአንድ ትሪ ወይም መሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲበላ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ማን ይመዝናል? ጉርሻስ በምን ይቆጠራል? የእንጀራው ስፋትና ውፍረት ከቤት ቤት ይለያያል። በውጭ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የጤፍ ዱቄት ከሌላ እህል ጋር ተቀይጦ ይጋገራል። ወጡ ውስጥ የገባው ዘይት ከላይ አይታይም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። መተግበሪያው «እንጀራ በወጥ» ብሎ የሚሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው ማዕድ በእጅጉ ሊርቅ ይችላል።

የሚወጣውስ?

ብዙዎች ሰውነት ኃይል የሚያቃጥለው በዋናነት በስፖርት እንደሆነ ያስባሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ ግን ከዕለቱ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ልብን ለማስመታት፣ ለመተንፈስ፣ አንጎልንና ጉበትን ለማሠራት የሚውለው ኃይል ነው። ሰው ተኝቶ ቢውል እንኳ ይህ ወጪ አይቀርም።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ከተደረጉት አስገራሚ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። በሰሜን ታንዛኒያ በኢያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት ሐድዛዎች በአደን፣ ሥራ ሥር በመቆፈርና ማር በመቁረጥ የሚተዳደሩ ሕዝቦች ናቸው። ወንዶቹ በቀን በአማካይ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ኸርማን ፖንትዘር የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 30 ሐድዛዎች የሚያቃጥሉትን ኃይል፣ አቶሞቹ ምልክት የተደረገባቸውን ውኃ በማጠጣት ለኩ። በ2012 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። የሰውነት መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ፣ ሐድዛዎች በቀን የሚያቃጥሉት ኃይል በአሜሪካና በአውሮፓ ተቀምጠው ከሚውሉ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

ፖንትዘር ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ፣ ሰውነት በእንቅስቃሴ ብዙ ሲያወጣ ከሌላ ሥራው ላይ ይቆጥባል የሚል ነው። ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነ ሳይንቲስቶች ይከራከራሉ። ያም ሆኖ በሩጫ መሣሪያ ላይ የሚታየውን «የተቃጠለ ካሎሪ» እንዳለ ከዕለቱ ሒሳብ ላይ መደመር ስህተት እንደሚሆን ጥናቱ ያሳያል። ስፖርት ለልብ፣ ለደም ስኳር፣ ለጡንቻና የቀነሰን ክብደት ለመጠበቅ ያለው ጥቅም ግን በዚህ አይቀንስም።

ሰዎች በዚህ ረገድ እርስ በርሳቸውም ይለያያሉ። በ1999 በታተመ ጥናት 16 ሰዎች ለስምንት ሳምንታት በየቀኑ 1,000 ትርፍ ካሎሪ እንዲመገቡ ተደረገ። አንዱ የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ሌላው ከአራት ኪሎ በላይ ጨመረ። ብዙ ያልጨመሩት ሰዎች ሳያስቡት መንቀሳቀስ፣ መነሣትና መቁነጥነጥ አብዝተው ነበር። በካናዳ ኩቤክ በ12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ላይ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እኩል ትርፍ ምግብ የተሰጣቸው ወጣቶች ከ4 እስከ 13 ኪሎ መጨመራቸውን አሳይቷል። መንትዮቹ ከሌሎች ጥንዶች ይልቅ እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነበር። ይህም የዘር ውርስ የራሱ ድርሻ እንዳለው ይጠቁማል።

ሰውነት ሲከላከል

ለአሥርተ ዓመታት ሐኪሞችና ታካሚዎች ሲመሩበት የቆየ አንድ ቁጥር አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ማክስ ዊሽኖፍስኪ በ1958 ባቀረቡት ስሌት መሠረት 3,500 ካሎሪ መቀነስ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ክብደት ያስቀንሳል። ስሌቱ ችግር የሚገጥመው ለወራትና ለዓመታት ሲተገበር ነው።

አንድ ሰው በቀን 240 ካሎሪ ቢቀንስ፣ በአሮጌው ስሌት በዓመት 11 ኪሎ፣ በሦስት ዓመት ደግሞ 34 ኪሎ ገደማ መቀነስ ነበረበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ኬቨን ሆልና ባልደረቦቻቸው በ2011 ያቀረቡት ስሌት ግን ሌላ ይላል። ያው ሰው በመጀመሪያው ዓመት 5 ኪሎ ያህል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 10 ኪሎ ገደማ ቀንሶ ይቆማል። ምክንያቱም የቀነሰ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያንሳል። የሒሳቡ ሁለት ወገኖች ተለያይተው የቆሙ አይደሉም፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

በፍጥነትና በብዛት በቀነሱ ሰዎች ላይ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተሰኘው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ከተካፈሉት መካከል 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ የቀነሱት እነዚህ ሰዎች 41 ኪሎውን መልሰው ጨምረዋል። በእረፍት ጊዜ የሚያቃጥሉት ኃይልም ከሰውነታቸው መጠን አንጻር ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። ሁኔታው የከረረ በመሆኑ በመጠኑ ለሚቀንስ ሰው ሁሉ ምሳሌ አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ የሚበረታው ረሃብ ነው። ሆልና ባልደረቦቻቸው ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት በወሰዱ ሰዎች ላይ ባደረጉት ስሌት፣ ለእያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ የምግብ ፍላጎት በቀን 100 ካሎሪ ያህል እንደሚጨምር ደርሰውበታል። ይህ ሰውነት በቁጠባ ከሚመልሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው በየቀኑ ይህን ጉትጎታ ተሸክሞ ይውላል ማለት ነው።

ጉትጎታው መነሻ አለው። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ ስለተጠራቀመው ኃይል ለአንጎል ያመለክታል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም እንደ ችጋር ዘመን ይቆጥረዋል። በ2011 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከረሃብና ከጥጋብ ጋር የተያያዙ ሆርሞኖች ክብደት ከተቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም። በሚኒሶታው ሙከራ የተካፈሉት ወጣቶችም በረሃቡ ወራት ስለ ምግብ ከማሰብ በቀር ሌላ ሐሳብ እስኪያጡ ደርሰው ነበር።

የምግቡ ዓይነትና የአካባቢው ግፊት

ካሎሪ መቁጠር ምን ያህል እንደተበላ ይመዘግባል። ያን ያህል ለምን እንደተበላ ግን አይናገርም። በዚህ ላይ ብርሃን የፈነጠቀው በ2019 ይፋ የሆነው የኬቨን ሆል ሙከራ ነው። 20 ሰዎች በሜሪላንድ ግዛት በሚገኝ የምርምር ሆስፒታል ለአራት ሳምንታት ተቀመጡ። ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦች፣ ሁለቱን ሳምንት ያልተቀነባበሩ ምግቦች ቀረቡላቸው። የቀረቡት ማዕዶች በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በፋይበር የተመጣጠኑ ነበሩ፤ ተሳታፊዎቹም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተነገራቸው።

በተቀነባበረው ምግብ ወቅት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ በፍጥነትም ይመገቡ ነበር። በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ሲጨምሩ፣ በሌላው ሁለት ሳምንት ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም እንዲቆጥሩ አላዘዛቸውም። የካሎሪ ሒሳቡ ውጤቱን ይገልጸዋል፤ ምክንያቱ ግን በሳህኑ ላይ የነበረው ምግብ ነው።

እንቅልፍም እንዲሁ ነው። በ2022 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዘወትር ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች ይተኙ የነበሩ 80 ሰዎች መካከል እንቅልፋቸውን እንዲያራዝሙ የተረዱት፣ ስለ አመጋገብ ምንም ሳይመከሩ በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀነሱ።

የአካባቢ ለውጥ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ታሪክ ውስጥም ይታያል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ በአብዛኛው ቀጫጮች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ከዓመታት በኋላ በሽታው በመካከላቸው በከፍተኛ ደረጃ መስፋፋቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። የሰዎቹ ባሕርይና ጽናት በአንድ ጊዜ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚበሉት፣ የሚሠሩትና የሚንቀሳቀሱበት ዓለም ነው።

አዳዲሶቹ የውፍረት መድኃኒቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ። በ2021 በታተመ ጥናት ሴማግሉታይድ የተባለውን መድኃኒት ለ68 ሳምንታት የወሰዱ ሰዎች በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ሲቀንሱ፣ መድኃኒት አልባ መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ ብቻ ቀንሰዋል። መድኃኒቱ በዋናነት የሚሠራው የምግብ ፍላጎትን በመግታት ነው። ሲቋረጥ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ካሎሪው የቀነሰው ረሃቡ ስለቀነሰ ነበር፤ ረሃቡ ሲመለስ ካሎሪውም ተመለሰ።

ታዲያ መቁጠር ከንቱ ነው?

አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት የሚበሉትን መመዝገብ ዓይን የሚያሳስተውን ለማረም ይረዳል። በተለይ ስኳር የበዛባቸው መጠጦች፣ በወጥና በጥብስ ውስጥ የሚደበቅ ዘይት፣ በሥራ መካከል የሚቀማመሱ ነገሮች ምን ያህል እንደሚከማቹ ያሳያል። ቁጥሩን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ግምት ለሚይዝ ሰው መሣሪያነቱ አያጠራጥርም።

መቁጠር የማይመከርላቸውም አሉ። የአመጋገብ መዛባት ሕመም ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ሰዎች በቁጥር መጠመድ ሕመማቸውን ሊያባብስ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ እንዲሁም ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

ለሌላው ሰው ከምርምሮቹ የሚወሰደው ትምህርት ሒሳቡን በጉልበት ከማስገደድ ይልቅ የሒሳቡን ምክንያቶች መቀየር እንደሚሻል ነው። እንደ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ያሉ ፕሮቲንና ፋይበር ያላቸውን ጥራጥሬዎችና አትክልት ማብዛት፣ የተቀነባበሩ ምግቦችንና ጣፋጭ መጠጦችን መቀነስ፣ ዘይትን በማንኪያ ለክቶ መጨመር፣ በቂ እንቅልፍ መተኛትና ዘወትር መንቀሳቀስ ቁጥር ሳይጻፍ ቁጥሩን ይቀንሳሉ። ክብደት መቀነሱ ሲያዘግም ወይም ሲቆም ደግሞ፣ ይህ አካል ራሱን ለመጠበቅ የሚሰጠው የሚጠበቅ ምላሽ እንጂ የሽንፈት ምልክት አይደለም።

ካሎሪ የክብደት ለውጥ የሚለካበት ሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ ክብደቱን ይናገራል እንጂ በሳህኑ ላይ ማን እንደጨመረና ማን እንደቀነሰ አይመሰክርም። ያንን ለመረዳት ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ ሆርሞኖቹን፣ የዘር ውርሱንና ሰውየው የሚኖርበትን አካባቢ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።